ዳግ ሐመርሾልድ፦ በቻርተሩ ያልተጻፈውን የሰላም መንገድ የቀየሱት ዋና ጸሐፊ

ሰማያዊ ቆብ ያጠለቁ ወታደሮች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መለያ ከሆኑ በርካታ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈረመው የድርጅቱ ቻርተር ስለ ሰላም አስከባሪ ኃይል በስም የሚያነሳው አንድም አንቀጽ የለም። አሠራሩ የተቀየሰው እ.ኤ.አ. በ1956 በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ዕቅዱን በኃላፊነት ያዘጋጁት የድርጅቱ ሁለተኛ ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ነበሩ።

ሚስተር ሐመርሾልድ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1905 በስዊድን ዮንሾፒንግ ከተማ ተወለዱ። ለቤተሰቡ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። አባታቸው ያልማር ሐመርሾልድ ከ1914 እስከ 1917 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በኡፕሳላ ያደጉት ሐመርሾልድ በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍና፣ ኢኮኖሚክስና ሕግ ካጠኑ በኋላ በኢኮኖሚክስ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል።

የሥራ ሕይወታቸው በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ሕይወት ነበር። ገና በ31 ዓመታቸው የገንዘብ ሚኒስቴር ቋሚ ዋና ኃላፊ ሆነው የተሾሙ ሲሆን፣ በኋላም የብሔራዊ ባንኩን ቦርድ በሊቀመንበርነት መርተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛውረው አውሮፓን መልሶ ለማቋቋም በተካሄዱ ድርድሮች አገራቸውን ወክለዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 የካቢኔ አባል በሆኑበት ወቅት እንኳ የማንኛውም የፖለቲካ ፓርቲ አባል አልነበሩም።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1953 የኖርዌዩን ትሪግቬ ሊ ተክተው ኒው ዮርክ ሲገቡ የተረከቡት መሥሪያ ቤት መንፈሱ የተሰበረ ነበር። ሶቭየት ኅብረት ከቀድሞው ዋና ጸሐፊ ጋር ግንኙነቷን አቋርጣ የቆየች ሲሆን፣ በአሜሪካ በኩል ደግሞ በኮሚኒስትነት የሚጠረጠሩ ሠራተኞችን የማደን ዘመቻ እስከ ድርጅቱ ሕንጻ ድረስ ዘልቆ ነበር። አዲሱ ዋና ጸሐፊ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባልደረቦች ከሕንጻው እንዲወጡ አደረጉ። ለዚህም መሠረታቸው የቻርተሩ አንቀጽ 100 ነበር። አንቀጹ የድርጅቱ ሠራተኞች ከየትኛውም መንግሥት መመሪያ እንዳይቀበሉ፣ መንግሥታትም በሠራተኞቹ ላይ ተጽዕኖ ከማሳደር እንዲቆጠቡ ያስገድዳል።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና ከቻይና መጣ። በኮሪያ ጦርነት ወቅት የተማረኩ 11 አሜሪካውያን አየር ኃይል አባላት በቤጂንግ በስለላ ወንጀል ተፈረደባቸው። የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባዔም ድርጊቱን አውግዞ ዋና ጸሐፊው እንዲያስፈቷቸው ጠየቀ። ሕዝባዊት ቻይና በወቅቱ የድርጅቱ አባል ስላልነበረች ባወገዛት ውሳኔ ስም የሚመጣን ልዑክ ለማስተናገድ ምክንያት አልነበራትም። ሚስተር ሐመርሾልድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1955 ወደ ቤጂንግ ያመሩት ግን ውሳኔውን ይዘው ሳይሆን፣ ቻርተሩ ለዋና ጸሐፊነት በሰጠው ሥልጣን መሠረት መሆኑን ለጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ በማስረዳት ነው። እስረኞቹ በዚያው ዓመት ተፈቱ። ድምፅን ዝቅ አድርጎ መነጋገርን ያስቀደመው ይህ አካሄድ በኋላ የዋና ጸሐፊው ዋነኛ የሥራ ስልት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1956 ግብጽ የስዊዝ ቦይን በብሔራዊ ይዞታነት ስር ማዋሏን ተከትሎ እሥራኤል፣ ብሪታኒያና ፈረንሳይ በግብጽ ላይ ጥቃት ከፈቱ። ሁለቱ የአውሮፓ ኃያላን ድምፅን በድምፅ የመሻር መብታቸውን በመጠቀማቸው የጸጥታው ምክር ቤት እርምጃ መውሰድ ተሳነው። ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባዔው ተመርቶ፣ የካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰን ዓለም አቀፍ ኃይል እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ጉባዔውም ዋና ጸሐፊው በ48 ሰዓታት ውስጥ ዕቅድ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። ሚስተር ሐመርሾልድ መጀመሪያ ላይ የሐሳቡን ተፈጻሚነት ቢጠራጠሩም ከረዳታቸው ራልፍ በንች ጋር ሆነው ሥራውን በተባለው ጊዜ አጠናቀቁ።

የዕቅዱ አዲስነት ኃይሉ የተቋቋመው ጦርነት ለማሸነፍ ሳይሆን ተፋላሚዎችን ለይቶ በመካከላቸው ለመቆም መሆኑ ነው። ወታደሮቹ በአስተናጋጁ አገር ፈቃድ ይገባሉ፤ ከጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት ውጪ ካሉ አገሮች ይውጣጣሉ፤ መሣሪያ የሚጠቀሙትም ራሳቸውን ለመከላከል ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ኖቬምበር 15 ቀን 1956 ግብጽ ገቡ። ከተፋላሚ ወገኖች እንዲለዩም የራስ ቁራቸው ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። ከ10 አገሮች የተውጣጣውና ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት የነበረው ይህ ኃይል የወራሪዎቹን መውጣት ተከታትሎ አስፈጽሟል። ሆኖም አሠራሩ የራሱ ድክመት ነበረው። ግብጽ እ.ኤ.አ. በ1967 ፈቃዷን ስታነሳ ኃይሉ ለቆ የወጣ ሲሆን፣ በሳምንታት ውስጥም ጦርነት ተቀስቅሷል።

ሚስተር ሐመርሾልድ ከአፍሪካ ጋር የነበራቸው ግንኙነት የጠነከረው በሁለተኛው የሥራ ዘመናቸው ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲቋቋም ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ዋና ጸሐፊው በ1959 መጨረሻና በ1960 መጀመሪያ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮችንና ግዛቶችን ጎብኝተዋል። በ1960 ብቻ 16 የአፍሪካ አገሮች የድርጅቱ አባል ሆነዋል። ሚስተር ሐመርሾልድም ድርጅቱን ይበልጥ የሚሹት ኃያላኑ ሳይሆኑ እነዚህ አዳዲስና አነስተኛ አገሮች መሆናቸውን በይፋ ይናገሩ ነበር።

ኮንጎ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960 ነጻ ከወጣች በኋላ በቀናት ውስጥ ሠራዊቷ ዐመፀ፤ የቤልጂየም ጦር ጣልቃ ገባ፤ በማዕድን የበለጸገው የካታንጋ ግዛትም መገንጠሉን አወጀ። ሚስተር ሐመርሾልድ የቻርተሩን አንቀጽ 99 ጠቅሰው የጸጥታውን ምክር ቤት በራሳቸው ተነሳሽነት ሰበሰቡ። ምክር ቤቱ ውሳኔውን ባሳለፈ በቀናት ውስጥ የኢትዮጵያ፣ የጋና፣ የሞሮኮና የቱኒዚያ ወታደሮች ኮንጎ ደረሱ። የኃይሉ ብዛት በኋላ ወደ 20 ሺህ ተጠግቷል።

በስዊዝ የሠራው መርህ ግን በኮንጎ ተፈተነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ ኃይሉ የካታንጋን መገንጠል በጦር እንዲያከሽፍ ሲጠይቁ፣ ዋና ጸሐፊው ኃይሉ በውስጥ ግጭት ወገን መሆን እንደማይችል አቋም ያዙ። ሉሙምባ ከሥልጣን ተወግደው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1961 በካታንጋ ሲገደሉ ድርጅቱ ሕይወታቸውን መታደግ አልቻለም። በዚህም በርካታ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ዋና ጸሐፊውን አጥብቀው ወቀሱ፤ አንዳንዶቹም ጦራቸውን አስወጡ። የሶቭየቱ መሪ ኒኪታ ክሩስቾቭ ቀደም ሲል ሚስተር ሐመርሾልድ ሥልጣን እንዲለቁና ቦታው ሦስቱን የዓለም ጎራዎች በሚወክሉ ሦስት ሰዎች እንዲተካ ጠይቀው ነበር። ዋና ጸሐፊው ቢለቁ ድርጅቱ ለኃያላኑ ፍላጎት ተላልፎ እንደሚሰጥ በማስረዳት ጥያቄውን አልተቀበሉም። በሜይ 1961 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባሰሙት ንግግርም ገለልተኝነት ማለት አቋም አልባ መሆን ሳይሆን፣ የግል ስሜትን ተቆጣጥሮ ሕግን በታማኝነት መፈጸም መሆኑን አስረድተዋል።

በሴፕቴምበር 1961 በካታንጋ በተባበሩት መንግሥታት ኃይልና በቅጥረኞች በሚታገዘው የግዛቲቱ ጦር መካከል ውጊያ ተቀሰቀሰ። ሚስተር ሐመርሾልድ የካታንጋውን መሪ ሞይስ ቾምቤን አግኝተው ተኩስ ለማስቆም ወደ ሰሜን ሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዛምቢያ፣ አቀኑ። አውሮፕላናቸው ከሴፕቴምበር 17 ለ18 አጥቢያ በንዶላ አቅራቢያ ተከሰከሰ። ከ16ቱ ተሳፋሪዎች በሕይወት የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከቀናት በኋላ አርፏል። የያኔው የሮዴዥያ ምርመራ አደጋውን ከአብራሪዎቹ ስሕተት ጋር ቢያያይዘውም፣ በታንዛኒያው የቀድሞ ዋና ዳኛ መሐመድ ቻንዴ ኦትማን የተመራው የድርጅቱ ማጣራት የውጭ ጥቃት ወይም ዛቻ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። አንዳንድ መንግሥታት በእጃቸው ያለውን መረጃ በሙሉ ባለመስጠታቸውም የመጨረሻ መደምደሚያ ላይ አልተደረሰም።

ኃይሉ በወቅቱ የጦር አውሮፕላን አልነበረውም። ከአደጋው በኋላ ኢትዮጵያ፣ ስዊድንና ህንድ የጦር ጄቶችን ላኩ። ኢትዮጵያዊው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ከ1962 እስከ 1963 የኃይሉ አዛዥ በመሆን ያገለገሉ ሲሆን፣ የካታንጋ መገንጠል ያከተመው በእሳቸው አዛዥነት ዘመን ነው።

የ1961 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለሚስተር ሐመርሾልድ ከሞቱ በኋላ ተሰጥቷል። አስከሬናቸው በኡፕሳላ ያረፈ ሲሆን፣ በኒው ዮርክ የድርጅቱ ቤተ መጻሕፍት በስማቸው ይጠራል። በ1956 በተጣደፈ ሁኔታ የተነደፉት የፈቃድ፣ የገለልተኝነትና ኃይልን የመገደብ መርሆዎችም ከኮንጎው ልምድ በተወሰዱ ማሻሻያዎች ታግዘው እስከ ዛሬ የሰላም ማስከበር ሥራ መሠረት ሆነው ቀጥለዋል።