ኪት ሄሪንግ፦ ጥበብን ከሙዚየም ወደ ስኬትቦርድ ያወረደው ሠዓሊ

እ.አ.አ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ማስታወቂያ ያልተለጠፈባቸው ቦታዎች በጥቁር ወረቀት ይሸፈኑ ነበር። ኪት ሄሪንግ የተባለ ወጣት በእነዚህ ወረቀቶች ላይ በነጭ ጠመኔ መሳል ጀመረ። ጨረር የሚፈነጥቅ ዳዴ የሚል ሕፃን፣ የሚጮኽ ውሻ፣ የሚጨፍሩ ሰዎች፤ ሁሉም በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቁ ነበሩ። ፖሊስ በተደጋጋሚ ቢይዘውም፣ ተሳፋሪው ስዕሎቹን ወደዳቸው።

ሄሪንግ በ1958 በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ሬዲንግ ከተማ ተወለደ። የካርቱን አሳሳልን ገና በልጅነቱ ያስተማረው አባቱ ነበር። በ1978 ሥነ ጥበብ ለማጥናት ወደ ኒው ዮርክ አቀና። ዝናው ሲገን ሥራዎቹ በውድ ዋጋ ይሸጡ ጀመር። የጠመኔ ስዕሎቹ ሳይቀሩ ከጣቢያዎቹ እየተገነጠሉ ለገበያ በመቅረባቸው፣ በ1985 በዚያ መሳሉን አቆመ። ለመንገደኛ የተሳለው ሥራ የባለጸጎች ንብረት ሆኖ ነበር።

መፍትሔ ያደረገው ህትመትን ነው። የታተመ ስዕል በሺዎች ይባዛል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። የአፓርታይድን ሥርዓት የሚቃወም ፖስተር አሳትሞ 20 ሺህ ያህል ቅጂ በነፃ አደለ። በ1986 ደግሞ በማንሃተን "ፖፕ ሾፕ" የተሰኘ ሱቅ ከፍቶ ካናቴራዎችንና ፖስተሮችን በርካሽ ዋጋ መሸጥ ያዘ። ስዕሎቹ በስኬትቦርድ ላይም ታተሙ።

ስኬትቦርድ ለሠዓሊ አስቸጋሪ ገበታ ነው። ምስሉ ከጣውላው ሥር ስለሚታተም፣ ወጣቶች በደረጃና በሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ሲንሸራተቱበት ይፋቃል። የሄሪንግ ወፍራም መስመር ግን ለሚቻኮል ተሳፋሪ ታስቦ የተፈጠረ ነበርና፣ በፍጥነት በሚያልፍ ጣውላ ላይም ይለያል።

አንዳንድ ተቺዎች ጥበቡን ለንግድ አዋለ ሲሉ ነቀፉት። እሱ ግን ሱቁን የኪነ ጥበብ ሥራው አካል አድርጎ ያይ ነበር።

በ1988 ኤድስ እንዳለበት ታወቀ። በማግስቱ ዓመት ለሕፃናትና ለኤድስ ሕሙማን የሚሠሩ ድርጅቶችን የሚደግፍ ፋውንዴሽን አቋቋመ። የካቲት 1990 በ31 ዓመቱ አረፈ። ሱቁ በ2005 ቢዘጋም፣ ስዕሎቹ ያረፉባቸው ስኬትቦርዶች ዛሬም ይሸጣሉ፤ ገሚሱ በሰብሳቢዎች ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ገሚሱ በአስፋልት ላይ እየተፋቀ ያልቃል።