ከወዳደቀ ነገር ሥዕል የሠራው ኩርት ሽዊተርስ

የዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን እንግዳ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽዊተርስ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኩርት በ1887 ሃኖቨር በምትባል ከተማ ተወለደ። ድሬስደን ሄዶ ሥዕል ተማረ። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ሠዓሊ ሰውና መልክዓ ምድር ነበር የሚሥለው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ግን አገሩ ተሸንፋ ሁሉ ነገር ተሰባብሮ ነበር። እሱም መንገድ ላይ የተጣለ የትራም ትኬት፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ቁልፍ፣ ሽቦና ቁራጭ እንጨት እየለቀመ በኮላና በምስማር ማያያዝ ጀመረ። ሥዕሉ ቤት ወይም ዛፍ አይመስልም፣ አብስትራክት ነው። ትኬቱ ትኬት መሆኑ ይቀርና ቀለምና ቅርጽ ብቻ ይሆናል። አንዴ ከባንክ ማስታወቂያ ላይ ኮሜርዝ የሚለውን ቃል ሲቆርጠው ሜርዝ የሚለው ተረፈ። ምንም ትርጉም የለውም፤ እሱ ግን ሥራውን ሁሉ ሜርዝ ብሎ ጠራው።

ቆይቶ ወረቀት አልበቃው አለ። በ1923 ገደማ ጀምሮ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ በእንጨትና በጀሶ ከግድግዳ እስከ ኮርኒስ እየገነባ ክፍሉን ሞላው። እናቴ ብትሆን አትፈቅድም!

ናዚዎች እንዲህ ያለውን ሥዕል ይጠሉ ነበር። በ1937 ኩርት ወደ ኖርዌይ ሸሸ፤ ባለቤቱ ሄልማ ሃኖቨር ቀረች። በዚያው ዓመት ናዚዎቹ ሥራዎቹን ሙኒክ ውስጥ ሰው እንዲስቅባቸው ሰቀሏቸው። በ1940 ጀርመን ኖርዌይን ስትወር ደግሞ ከልጁ ጋር ወደ ብሪታንያ አመለጠ። እንግሊዞቹ ግን የጠላት አገር ሰው ነህ ብለው ማን በምትባል ደሴት ካምፕ ውስጥ አሰሩት።

እዚያ ዕቃ የለም። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የተረፈ የአጃ ገንፎ እየሰበሰበ ሐውልት ሠራበት! ገንፎው ሻገተ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ክፍሉንም አሸተተው። እኔ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ እንደሚበላ እንጂ ሐውልት እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

በ1941 ተፈታ። በ1943 ግን ያ ለዓመታት የለፋበት የሃኖቨር ቤት በቦምብ ወደመ። በ1944 ሄልማ በካንሰር ሞተች። እሱ አሁንም መልቀሙን አልተወም። በ1947 አምብልሳይድ አጠገብ አንድ የድንጋይ ጎተራ ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደገና መገንባት ጀመረ። ሳይጨርሰው ጥር 8 ቀን 1948 በ60 ዓመቱ አረፈ። ግድግዳው በ1965 እንዳለ ተነቅሎ ኒውካስል ወደሚገኝ የሥዕል ማሳያ ተወሰደ፤ አሁንም እዚያው ነው።