አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (1846 – 1908 ዓ.ም.) የስዊስ መሐንዲስና የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ ነበረ። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የምድር ባቡር በመጀመሩ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት በማስገባቱና በዓድዋ ጦርነት ዘመን ለኢትዮጵያ በሠራው የዲፕሎማሲ ሥራ ይታወቃል። በኢትዮጵያ የቆየው ለ28 ዓመታት ያህል ነው።

ትውልድና ትምህርት

ኢልግ መጋቢት 22 ቀን 1846 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1854) በስዊዘርላንድ፣ በቱርጋው ካንቶን፣ ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለደ። በዙሪክ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የመካኒካል ምሕንድስና ተምሮ ተመረቀ።

ወደ ሸዋ መምጣት

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አገራቸውን በእጅ ጥበብና በምሕንድስና የሚያግዝ ሰው በኤደን በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል ይፈልጉ ነበር። ጥሪው ለኢልግ ደረሰውና ከሁለት የስዊስ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ተጉዞ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ።

ንጉሡ ችሎታውን ለመፈተን በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠራ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ እንዳዘዙት ይተረካል። ኢልግ አማርኛን በሚገባ ተምሮ ያለ አስተርጓሚ ይናገር ስለ ነበር በምኒልክ ዘንድ ያለው ቅርበት ከሌሎቹ አውሮፓውያን በለጠ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ የንጉሡ መቀመጫ ወደ እንጦጦ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር በግንባታ ሥራዎች ተሳተፈ። በሐረር ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጋርም ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር።

የእንጦጦ ውኃ

የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተሠራው በጉብታ ላይ በመሆኑ ውኃ የሚቀዳው ከሥር ካለው ወንዝ በሰው ጉልበት ነበር። ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ግድም ከእንጦጦ ግርጌ ካለ ምንጭ ጀምሮ ቧንቧ አስዘረጋ። መስመሩ ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና ወደ ጉብታው ይወጣል። የምንጩ ቦታ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ውኃው በራሱ ግፊት ጉብታውን መውጣት ችሏል። ውኃ ሽቅብ ይወጣል መባሉን ብዙዎች አላመኑም ነበርና ሥራው ሲሳካ በከተማው ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ።

የምድር ባቡር

በዚያ ዘመን ከሸዋ ወደ ባሕር ጠረፍ ዕቃ የሚጓዘው በግመልና በበቅሎ ሲሆን ጉዞው ሳምንታት ይፈጃል። ኢልግ ለዚህ መፍትሔው የባቡር ሐዲድ መሆኑን ለረጅም ጊዜ ሲያስረዳ ቆይቶ፣ በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለ99 ዓመት የሚጸና የሥራ ፈቃድ ሰጡት። ፈቃዱ ሦስት መስመሮችን ይጠቅሳል፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በረሃው፣ የውኃ እጥረቱና መሬታቸው በተነካባቸው የአካባቢው አርብቶ አደሮች የሚደርሰው ጥቃት ሥራውን አከበዱት። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱም ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ቦታ የድሬዳዋ ከተማ ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን የገንዘብ ነበር። ኩባንያው ካፒታሉ ሲያልቅበት በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ለማግኘት ተስማማ፤ በምላሹ ፈረንሳይ በመስመሩ ላይ ከፍተኛ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘች። በግዛታቸው ላይ ያለ እርሳቸው ፈቃድ ስምምነት መደረጉ ምኒልክን አስቆጣ። ባቡር የውጭ ኃይል መግቢያ ይሆናል ብለው ይሰጉ የነበሩ መኳንንትም ሥጋታቸው የተረጋገጠ መሰላቸው። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆሞ ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ከሰረ። የኢልግ የሕይወቱ ትልቅ ሥራ በዚህ ሁኔታ ከእጁ ወጣ።

በዲፕሎማሲ

የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በጣልያን ላይ ክርክር ባስነሣ ጊዜ ኢልግ የኢትዮጵያን አቋም ለአውሮፓ መንግሥታትና ጋዜጦች አስረዳ። ከዓድዋ ድል በኋላ በተደረጉት ድርድሮችም ምኒልክን አማከረ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ የሚል ከፍተኛ ማዕረግ ሰጡት።

የመጨረሻ ዓመታት

ኢልግ በ1887 ዓ.ም. ፋኒ ጋቲከር የተባለች የዙሪክ ተወላጅ አግብቶ አራት ልጆች ወልዷል። በ1899 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሥራው ለቆ በዙሪክ ተቀመጠ፤ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1916) በ61 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ።

የባቡር ሥራውን የተረከበው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ሐዲዱን ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው። የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክም የጀመረው ኢልግም ባቡሩ ለገሃር ሲገባ በሕይወት አልነበሩም። እንጦጦን አልፎ ወደ ከፋና ነጭ ዓባይ ይሄዳል የተባለው ሦስተኛው መስመር ከቶ አልተሠራም። ኢልግ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ቅርሶችና ያነሣቸው ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢትኖግራፊ ሙዚየም ይገኛሉ።