ዊልያም ፔይንተር፦ የጠርሙስ መክፈቻው ፈጣሪና «የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ» የተሰኘው ቅጽል ስም አመጣጥ

መግቢያ

በሰሜን አሜሪካ የጠርሙስ መክፈቻ «ቸርች ኪ»፣ ማለትም «የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቃል። ስሙን ለማብራራት ከሚቀርቡት ትረካዎች አንዱ መሣሪያውን ከመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ገዳማትና ቢራ ከሚጠምቁ መነኮሳት ጋር ያያይዘዋል። ይሁን እንጂ ቆርኪ የሚከፍተው መሣሪያ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ በባልቲሞር ከተማ ነው። ይህ ጽሑፍ የፈጣሪውን የዊልያም ፔይንተርን ሕይወት በመከተል የዕቃውን ዕድሜ፣ የስሙን ዕድሜና ስለ ስሙ የሚነገረውን ትረካ ለያይቶ ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከትሪያደልፊያ እስከ ባልቲሞር

ዊልያም ፔይንተር ኅዳር 20 ቀን 1838 በሜሪላንድ ግዛት ትሪያደልፊያ በተባለች አነስተኛ የፋብሪካ መንደር፣ ከኩዌከር እምነት ተከታይ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ በዴላዌር ግዛት በዊልሚንግተን ከተማ በቆዳ ፋብሪካ ሠርቷል። በ1865 ወደ ባልቲሞር ተዛውሮ በአንድ የማሽን ወርክሾፕ የሠራተኞች አለቃ ሆነ። የሙያ ሕይወቱ መሠረት የተጣለው በዚህ ቦታ ነው። በዘመኑ 85 የፈጠራ ባለቤትነት መብቶችን ያገኘ ሲሆን፣ ከፈጠራዎቹ መካከል ሐሰተኛ ገንዘብ መለያና ወረቀት ማጠፊያ መሣሪያዎች ይገኙበታል።

የቆርኪው ፈጠራ

በዚያ ዘመን ጋዝ ያላቸውን መጠጦች አሽጎ ማቆየት ለጠማቂዎችና ለለስላሳ አምራቾች ከባድ ፈተና ነበር። የቡሽ ውታፍ በጋዙ ግፊት ይስፈነጠራል፤ በሽቦ የሚታሰሩትና በላስቲክ የሚታሸጉት ክዳኖች ደግሞ ወይ ዋጋቸው ይወደዳል፣ ወይ በተደጋጋሚ አገልግሎት ይቆሽሻሉ። ፔይንተር ከ1880ዎቹ ጀምሮ በዚህ ችግር ላይ ተጠምዶ ቆየ። የደረሰበት መደምደሚያም ክዳኑ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ቢጣል የሚያከስር እስካይሆን ድረስ ርካሽ መሆን አለበት የሚል ነበር።

የካቲት 2 ቀን 1892 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ክዳን ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈና የተሸበሸበ ቀጭን ብረት ሲሆን፣ በውስጡ ስስ የቡሽ ንጣፍ ነበረው። ብረቱ የጠርሙሱን አፍ ሲጨብጥ ንጣፉ ጋዙን ያፍናል። ከመልኩ የተነሣ «የዘውድ ቡሽ» ተባለ፤ አማርኛ ተናጋሪው «ቆርኪ» የሚለው ይኸው ክዳን ነው። በመጀመሪያው ንድፍ 24 ጥርሶች ነበሩት፤ ዛሬ የተለመደው ባለ 21 ጥርስ ነው።

ፈጠራው ወዲያውኑ አልተስፋፋም። ቆርኪው የሚይዘው አፋቸው ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ጠርሙሶች ብቻ በመሆኑ፣ መጠጥ አምራቾች ጠርሙሳቸውንም ማሸጊያ መሣሪያቸውንም መለወጥ ነበረባቸው። ፔይንተር ያቋቋመው ክራውን ኮርክ ኤንድ ሲል ኩባንያ ስለዚህ ከቆርኪው ጋር ማሽንም ማቅረብ ግድ ሆነበት፤ በ1898 በእግር የሚንቀሳቀስ ማሸጊያ ተዘጋጀ። ኩባንያው እስከ 1906 ድረስ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በብራዚል ፋብሪካዎች ነበሩት።

በኩባንያው በሻጭነት ይሠራ የነበረው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ከዓመታት በኋላ እንደተረከው፣ ተጠቃሚ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ የሚጥለውንና መልሶ የሚገዛውን ነገር እንዲፈጥር የመከረው ፔይንተር ነበር። ጂሌት በ1895 ሊለወጥ የሚችለውን ምላጭ አሰበ፤ በ1903ም ለገበያ አቀረበው።

መክፈቻው

ቆርኪው ጋዙን በሚገባ የሚያፍነው አጥብቆ ስለሚጨብጥ ነው፤ በዚሁ ምክንያት በእጅ ብቻ አይነሣም። አዲሱ ክዳን የራሱን መክፈቻ ጠየቀ። ፔይንተር የካቲት 6 ቀን 1894 ለመክፈቻው ሌላ የባለቤትነት መብት አገኘ። መሣሪያው ቀላል መፈንቅል ነው፦ አንዱ ጫፍ በቆርኪው አናት ላይ ይደገፋል፤ ከንፈሩ ከጥርሶቹ ሥር ይገባል፤ እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ ጠርዙ ይላቀቃል። ፔይንተር ሐምሌ 15 ቀን 1906 በባልቲሞር ሲያርፍ ቆርኪውም መክፈቻውም በዓለም ገበያ ላይ ነበሩ።

ቅጽል ስሙ

«ቸርች ኪ» የሚለው ስያሜ ለመክፈቻ መጠሪያ ሆኖ በጽሑፍ የሚታየው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። ስለ አመጣጡ ሁለት ማብራሪያዎች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው መልክን መሠረት ያደርጋል፦ በአንድ ጫፋቸው ቀለበት ያላቸው የቀድሞ መክፈቻዎች የጥንት አብያተ ክርስቲያናት በሮች ይከፈቱባቸው የነበሩትን ትላልቅ የብረት ቁልፎች ይመስሉ ነበር። ሁለተኛው መነኮሳት የቢራ ጓዳቸውን ይቆልፉበት ከነበረው ቁልፍ ጋር ያገናኘዋል።

የሁለተኛው ማብራሪያ ድክመት የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። የመካከለኛው ዘመን መነኩሴ የሚከፍተው ቆርኪ አልነበረውም፤ በገዳሙ ቁልፍና በአሜሪካዊው ስያሜ መካከልም የብዙ መቶ ዓመታት ክፍተት አለ። የመልክ ማብራሪያው ከዚህ ይበልጥ አሳማኝ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ጥር 24 ቀን 1935 የታሸገ የቆርቆሮ ቢራ በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ለገበያ ሲቀርብ፣ ቆርቆሮውን በሦስት ማዕዘን ቀዳዳ የሚበሳ ሹል መክፈቻ አስከትሎ ነበር። ይህ መሣሪያ ቀለበት ያለው ቁልፍ አይመስልም፤ ሆኖም በዚያው ቅጽል ስም ተጠርቷል። ስለዚህ መልክ ለስሙ መነሻ ሆኖ ሊሆን ቢችልም፣ ስሙን ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ያሻገረው የጋራ አገልግሎታቸው ነው። መጠጥ የሚከፍተውን ዕቃ በቅዱስ ስፍራ ቁልፍ መሰየም የያዘው ፌዝም ለስሙ መወደድ አስተዋጽኦ ማድረጉ አይቀርም።

ማጠቃለያ

የፔይንተር ታሪክ የዕቃ ስም ለዕቃው ታሪክ ቀጥተኛ ምስክር እንደማይሆን ያሳያል። መክፈቻው የ1894 ነው፤ ስሙ በጽሑፍ የተገኘው ፈጣሪው ካረፈ ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው፤ ስለ ስሙ የሚነገረው ትረካ ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ይወስዳል። ሦስቱ ሳይለዩ ሲቀሩ አንድ የባልቲሞር መካኒክ የለፋበት ሥራ ስማቸው ለማይታወቅ መነኮሳት ይሰጣል። የቁሳዊ ባህል ተመራማሪ ከስም ተነሥቶ ወደ ዕቃው አመጣጥ ከመሄዱ በፊት ስሙ መቼና በማን አንደበት እንደተፈጠረ መጠየቅ ይኖርበታል።