የሕሙማን ጠበቃ፥ ሚስ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል

በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ጥፋትን እያየ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው። ያየውን ለአለቃው፥ አለቃው ባይሰማም ከዚያ በላይ ላለው የሚያስታውቅ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዷ ሚስ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል ነበሩ።

ሚስ ናይቲንጌል ከእንግሊዛውያን ወላጆች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 12 ቀን 1820 በኢጣሊያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ተወለዱ፤ ስማቸውም የወጣው ከዚህችው ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ባለጸጎች ነበሩ፤ የአስታማሚነት ሥራም በዚያን ጊዜ የተናቀ ስለ ነበረ አጥብቀው ተቃወሟቸው። እርሳቸው ግን የእግዚአብሔር ጥሪ መሆኑን ስላመኑ አሳባቸውን አልለወጡም። በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት በነበረው የዲያቆናውያት ቤት ሕሙማንን ማስታመም ተማሩ።

የክሪሚያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በጦር መሥሪያ ቤት ሹም የነበሩት ሲድኒ ኸርበርት ላኳቸው፤ በኖቬምበር 1854 ዓ.ም. 38 ሴቶች አስከትለው በቊስጥንጥንያ ፊት ለፊት ወዳለው ወደ እስኩታሪ ሐኪም ቤት ደረሱ። በዚያም ቊስለኞች በወለል ላይ ተጋድመው፥ ፋሻና ንጹሕ ልብስ ጠፍቶ፥ አይጥና ቅማል በዝቶ አገኙ። ከቤቱ ሥር ያለው የቆሻሻ ቦይ ተደፍኖ ይሸት ነበር። ከቊስል ይልቅ ተቅማጥ፥ ኮሌራና ታይፈስ ብዙ ወታደር ይገድሉ ነበር።

የጦሩ ሐኪሞች በመምጣታቸው ደስ አልተሰኙም። ሚስ ናይቲንጌልም ነርሶቻቸው ያለ ሐኪም ፈቃድ ምንም እንዳይሠሩ ከለከሉ፤ ነገር ግን የጎደለውን ሁሉ መድኃኒቱን ጭምር እየዘረዘሩ ለኸርበርት ከመጻፍ አላቋረጡም። በማርች 1855 ዓ.ም. መንግሥት የላካቸው የጤና መርማሪዎች መጥተው ቦዩን አስጠረጉ፥ አየርም እንዲገባ አደረጉ። በፌብሩዋሪ ከመቶው ሕመምተኛ 42 ያህል ይሞት የነበረው በጁን ወደ 2 ያህል ወረደ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። በ1856 ወደ አገራቸው ተመልሰው ንግሥት ቪክቶሪያን በማነጋገራቸው በ1857 ስለ ጦሩ ጤና የሚመረምር ንጉሣዊ ጉባኤ ተቋቋመ። ከቊጥር ሊቁ ከዊልያም ፋር ጋር የሟቾቹን መዝገብ ሲመረምሩም አንድ መራራ ነገር ተረዱ። ቀድሞ ለሞቱ ዋና ምክንያት የምግብና የልብስ እጦት ይመስላቸው ነበር፤ መዝገቡ ግን እርሳቸው ራሳቸው ያገለገሉበት ቤት ቆሻሻና የታፈነ አየር ብዙውን ሰው እንደ ገደለ አሳያቸው። ልባቸው እጅግ ቢያዝንም አልሸሸጉትም፤ ቊጥሩን ማንም በሚያስተውለው ባለ ቀለም ሥዕል አድርገው በ1858 አሳተሙት።

በ1860 በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእኛ ከተመራቂዎቹ አንዳንዶቻችን ነጭ ልብስ ለብሰን በሕሙማን መካከል እንቆም ይሆናል። በዚያን ጊዜ ያየነውን በትክክል መጻፍ፥ ለሚገባው ሰው በትሕትና ማስታወቅ፥ ባይሰማንም ወደ በላዩ መሄድ፥ ጥፋቱ የራሳችን ሲሆንም አለመሸሸግ ይገባናል። ሕመምተኛው ስለ ራሱ ለመናገር አቅም የለውምና።