ሺምፐርና የሰሜኗ ፕሪሙላ

ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ ቀሪ ዕድሜውን በዚሁ አሳለፈ። ደጃዝማች ውቤ የእንጢጮን ግዛት ሰጡት፤ እርሳቸው በ1855 ድል ሲሆኑ ሹመቱም አብሮ ቀረ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከአውሮፓውያኑ እስረኞች ጋር መቅደላ ቆይቶ በ1868 ተፈታ፤ በ1878 ዐድዋ ላይ ዐረፈ።

ሹመት ያልፋል፤ ከሰሜን ተራሮች የለቀመው ዕፅ ግን አውሮፓ ደረሰ። ከዚያው ተራራ የተገኘችውን፣ ቢጫ አበባዋን በደረጃ የምትደረድረውን ፕሪሙላ ሆክስቴተር በሰሜን ስም ጠራት። ለአዳቃዮች ይበልጥ የሚያስደንቀው የየመናዊት ዘመዷ ታሪክ ነው፤ በለንደኑ የኪው አትክልት ስፍራ ከሂማላያዪቱ ጋር ተዳቅላ መካን ዲቃላ አስገኘች፤ ክሮሞዞሙ ከ18 ወደ 36 ሲያድግ ግን ዲቃላው ዘር ሰጠ። የሰሜኗ ጥላና እርጥብ ገደል የለመደች ናትና፣ በልደታ ጓሮ ለሚሞክራት ፈተናው በጋው ነው።