የክራሯ እመቤት፤ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የሕይወት ታሪክ

በፎገራ ሜዳ ሩዙና ጤፉ ተሰብስቦ የሠርጉ ወራት ሲደርስ፣ በወረታ ከተማም ሆነ በየገጠሩ ዳስ ተጥሎ የመሰንቆና የክራር ድምፅ ይሰማል። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ግጥም ይሰጣል፤ ይሸልማል። ነገር ግን ያው ሲያጨበጭብ ያመሸው ሰው፣ በማግሥቱ የገዛ ልጁን ክራር ይዞ ቢያገኘው የሚቈጣ ብዙ ነው፤ የያዘችው ሴት ልጁ ብትሆንማ ቍጣው እጥፍ ይሆናል። ሙያው ይወደዳል፤ ባለሙያው ግን ይናቃል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በዚህ ንቀት መካከል አልፈው ስማቸውን ከአገር ውጭ ስላስጠሩት፣ ክራርን ያለ መምህር ስለ ተማሩት ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ፣ በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ስለ ገባ የመጀመሪያ ዕድሜያቸው በወረራ ዘመን አለፈ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸውም በሰው እጅ አደጉ። የእናት ፍቅር ሳይጠግብ ያደገ ልጅ ኀዘኑን የሚያጫውተው ነገር ይሻል፤ ወይዘሮ አስናቀችም ክራርን አገኙ። በጎንደር አካባቢ እንደምናውቀው የአዝማሪ ልጅ ወላጆቹን እየተከተለ ሙያውን ከነርሱ ይቀበላል። እርሳቸው ግን ክራሩን የተማሩት በራሳቸው ጆሮና በራሳቸው ጣት ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን ስለ ክራር አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ክራር ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ፣ ከገበቴው የሚነሡ ሁለት ቋሚዎች፣ በላያቸውም የተጋደመ ቀንበር አለው። ከቀንበሩ እስከ ገበቴው አምስት ወይም ስድስት ጅማቶች ይወጠራሉ። በጊታር ላይ ተጫዋቹ ክሩን በአንገቱ ላይ በጣቱ እየተጫነ ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ ያወጣል፤ ክራር ግን አንገት የለውምና እያንዳንዱ ጅማት የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ አስቀድሞ ጅማቶቹን እንደ ዜማው መቃኘት አለበት፤ ለትዝታ የተቃኘው ለባቲ አይሆንም፤ ለአምባሰል የተቃኘውም ለአንቺ ሆዬ አይሆንም። ይህን ሁሉ የሚለየው ጆሮ ነው።

የአመታቱም ስልት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ግርፍ ይባላል፤ ቀኝ እጅ በመግረፊያ ጅማቶቹን በአንድነት ሲመታ፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ጅማቶች ይዘው ድምፃቸውን ያፍናሉ፤ የሚፈለገውን ብቻ ይለቁታል። ሁለተኛው ድርደራ ነው፤ ጣቶች ያለ መግረፊያ ጅማቶቹን አንድ በአንድ እየነኩ ዜማውን ያወጣሉ። በዚህ ላይ ደግሞ ክራር የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ዘፋኙም ራሱ ስለሆነ፣ እጁ ሌላ ሲሠራ አፉ ግጥሙን ማስኬድ አለበት። እጅና አንደበትን እንዲህ ማስማማት፣ የሚያርም መምህር በአጠገብ ሳይኖር፣ ትዕግሥትና ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

ወይዘሮ አስናቀች የታወቁት በክራር ብቻ አይደለም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቴአትር ሥራ ሲስፋፋ፣ ሴት ወደ መድረክ መውጣቷ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር፣ የሴቶቹን ቦታ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ይህን ልማድ ጥሰው ወደ መድረክ ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ናቸው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ከተከፈተ በኋላም በዚያ በተዋናይነት፣ በዘፋኝነትና በክራር ተጫዋችነት አገለገሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቤቱ ብሔራዊ ቴአትር ተብሎ ስሙ ሲለወጥ፣ እርሳቸው ግን ሥራቸውን አልለወጡም። ሕዝቡም አስኒ እያለ በቍልምጫ ይጠራቸው ነበር።

አዘፋፈናቸው የጩኸት አልነበረም። አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው ምስጢር የሚነግሩ ያህል በለሆሳስ ይጀምራሉ፤ ክራሩም ከቃሉ በታች ሆኖ ይከተላቸዋል። ትዝታን ሲጫወቱ ቃልና ጅማት እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ ቃሉ ሲያበቃ ክራሩ ይቀጥላል፤ ክራሩ ሲያርፍ ቃሉ ይነሣል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለመፈለግ አድማጩ ራሱ ጆሮውን ማቅናት ነበረበት።

ያለ መምህር መማርም ሆነ በሙያ መናቅ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና የተወለደችው ጥቍር አሜሪካዊት ኤልሳቤጥ ኮተን ጊታርን በራሷ የተማረች ነበረች። ጊታሯን የገዛችው በልጅነቷ በሰው ቤት ሠርታ ባገኘችው ገንዘብ ነው። ግራኝ ስለ ነበረች ጊታሩን ገልብጣ ይዛ፣ ሌላው በአውራ ጣቱ የሚመታውን በሌሎች ጣቶቿ፣ ሌላው በጣቶቹ የሚመታውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። በቤተ ክርስቲያኗ ያሉ ሰዎች ዓለማዊ ዘፈን አይገባሽም ስላሏት ጊታሯን ለብዙ ዓመታት ተወችው። በኋላ በሰው ቤት ሠራተኛ ሳለች ሙያዋ ታወቀ፤ የመጀመሪያው ሸክላዋ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲወጣ ዕድሜዋ ከስድሳ አልፎ ነበር። በእኛም አገር በገና የእግዚአብሔር፣ ክራር ግን የሰይጣን መሣሪያ ነው የሚል የቆየ አባባል አለ። እንግዲህ ሁለቱ ሴቶች በውቅያኖስ ተለያይተው የኖሩ ቢሆኑም ያጋጠማቸው ግድግዳ አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ፣ ኤልሳቤጥ ጊታሯን ለብዙ ዘመን አስቀምጣ በኋላ ስታነሣው፣ ወይዘሮ አስናቀች ክራራቸውን ይዘው በመድረክ ላይ መቈየታቸው ነው።

ቀድሞ የተቀረጹት ዘፈኖቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ ከተማ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ እትም ዐሥራ ስድስተኛ ቅጽ ሆነው ወጡ። የቅጹም ርእስ ክራር የያዘችው እመቤት የሚል ትርጕም አለው። በዚህ ምክንያት አማርኛ የማይሰሙ ሰዎች እንኳ ድምፃቸውን ለማወቅ በቁ። ሆኖም ይህ ዝና በመጣ ጊዜ እርሳቸው አርጅተው፣ ሕመም ጸንቶባቸው ነበር። በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ከዕረፍታቸው በኋላም ስለ ሕይወታቸው አስኒ የተባለ ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ ታይቷል።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፣ መምህር በሌለበት ጆሮና ትዕግሥት መምህር ሊሆኑ እንደሚችሉ እንማራለን። በሜዳችን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከጣሳና ከሽቦ ክራር ሠርቶ ሲጫወት ብናይ፣ ጨዋታው ከንቱ አይምሰለን፤ ጅማት መቃኘትን የሚማረው በዚያ ነውና። ሁለተኛ፣ ሙያን ወድዶ ባለሙያን መናቅ አድልዎ መሆኑን እንረዳለን። እርሻውን የሚወድ ገበሬውን ያከብራል፤ ዜማውን የሚወድስ ክራር መቺውን ለምን ይንቃል?

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ ክራር የያዘ ልጅ ሁሉ ትምህርቱን የጣለ አይደለም። የቀለም ትምህርቱን እንዲያጠና ማሳሰብ ተገቢ ነው፤ ክራሩን ከእጁ ነጥቆ መስበር ግን ሌላ ነገር ነው። ወይዘሮ አስናቀች ልጅ በነበሩ ጊዜ፣ ከዚያች እናት ከሌላት ልጅ እጅ ያ ክራር ለዘለቄታው ተነጥቆ ቢሆን ኖሮ፣ አገራችን ምን እንዳጣች እንኳ ሳታውቅ ትቀር ነበር። ዛሬም በየክፍላችን ከመካከላችን የትኛዋ ልጅ ምን ዓይነት ጣት እንዳላት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት እንስማ።